የፓስፊክ ውሃ ሲሞቅ የአዲስ አበባን ክረምት ምን አገባው? (የትንበያ አነባበብና የክፍል ሙከራ)

ጂኦ_ፒያሳ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ ክበብ የግድግዳ ሰሌዳ ሊጀምር ነው። በየወሩ የውቅያኖስ ሙቀት ቁጥር ይለጠፋል፣ ከጎኑ የወቅቱ የዝናብ ትንበያ። ተማሪዎቹ የሚጠይቁት ግን እንዲህ በዋዛ የሚመለስ አይደለም። ባሕር የሌለን ሆነን ሳለ የሜትሮሎጂ ሰዎች ግንቦት በመጣ ቁጥር ስለ ፓስፊክ የሚያወሩት ለምንድን ነው? የትኛውን ቁጥር እንከታተል፣ እንዴትስ እናስላው? ውቅያኖስ ሙቀት እንደሚውጥና ሲሞቅም እንደሚሰፋ በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል ወይ? ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው። «ኤልኒኖ ድርቅ ያመጣል» የሚለውን መልስ መጽሐፉም ስለሚሰጥ ከዚያ አለፍ ያለ ቢሆን ደስ ይለናል።

ደመና_ቆጣሪ፦

መምህር፣ ከዝናቡ ብንነሳ ይቀላል። ሐምሌ ላይ አራት ኪሎ የሚወርደው ውሃ ከተለያየ አቅጣጫ የተሰበሰበ ነው። አንዱ ከአትላንቲክ በኩል የኮንጎን ደን አቋርጦ ከደቡብ ምዕራብ ይመጣል፤ ሌላው ከህንድ ውቅያኖስ ይነሳል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ደግሞ ከሰሜን በቀይ ባሕር ላይ ወርዶ የሚገባው ነው። እርጥበት ስላለ ብቻ ግን አይዘንብም፣ አየሩ ወደ ላይ መነሳት አለበት። ከታች ተራራው ያነሳዋል። ከላይ ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ በክረምት ከህንድ በኩል ተነስቶ በእኛ ሰማይ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ፈጣን ነፋስ አለ፣ የሐሩር ክልል ምሥራቃዊ ጄት የሚሉት። እሱ ሲበረታ የላይኛው አየር ይበተናል፤ የታችኛው ቦታውን ሊተካ ይነሳል፤ ደመናው ይቆለላል።

ፓስፊክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በደህናው ጊዜ ከምሥራቅ የሚነፍሱት የንግድ ነፋሳት ሞቃቱን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ ገፍተው ያከማቹታል። ሞቃቱ ሽፋን በዚያ በኩል ከ150 እስከ 200 ሜትር ሲወፍር በደቡብ አሜሪካ ዳርቻ ግን 50 ሜትር ገደማ ነው። ነፋሱ ሲደክም ያ የተከማቸ ሙቀት በምድር ወገብ ላይ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ውቅያኖሱን ለማቋረጥ ሁለት ሦስት ወር ይበቃዋል። የሚነሳው አየርና ነጎድጓዱም ተከትሎት ይሄዳል። የህንድ ሞንሱን ይላላል፣ ጄቱ ይደክማል፣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ሰማይ አየሩ ከመነሳት ይልቅ መስመጥ ያበዛል። ይህ ነው ኤልኒኖ። ከፓስፊክ ይመጣልን የነበረ ውሃ ቀርቶብን አይደለም፤ የጎደለው አንሺው ነው። በተቃራኒው ሁኔታ፣ ላኒና በሚሉት፣ ነፋሱ ስለሚበረታ ክረምቱ ወደ ማየሉ ያደላል።

ሰሌዳው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ወቅቱና አካባቢው ይጻፍ፤ ያለ እነሱ ስሙ ባዶ ነው። ከላይ ያልኩት ለሰኔ–መስከረም ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቦረናና በሶማሌ ክልል የሚጥለው ዝናብ ጌታው በዋናነት የህንድ ውቅያኖስ ነው። በአፍሪካ በኩል ያለው ውሃ ከኢንዶኔዥያው በኩል ካለው ይበልጥ ሲሞቅ የሚነሳው አየር ወደ እኛ ይጠጋና ደቡቡ ይጥለቀለቃል። ኤልኒኖ ብዙ ጊዜ ይህን ሁኔታ ያግዛል። ስለዚህ ያው ኤልኒኖ ሐምሌ ላይ ወሎን አድርቆ ኅዳር ላይ ሸበሌን ሊያስሞላ ይችላል።

ልደታ_ታች፦

ምንም ቢባል ኤልኒኖ ማለት ድርቅ ነው። የ2015ቱን ድርቅ ማን ይረሳል!

ደመና_ቆጣሪ፦

የትኛውን 2015? በእ.ኤ.አ. 2015 ከሆነ ብርቱ ኤልኒኖ ነበር፤ የሰሜኑ፣ የመካከለኛውና የምሥራቁ ክረምት ከሸፈ፣ በዚያው ታኅሣሥ የዕለት ደራሽ ምግብ ይፈልጋል የተባለው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። በእኛ 2015 ዓ.ም. ከሆነ ግን የፓስፊኩ ስም ላኒና ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ የጠፋው ዝናብ ያለማቋረጥ አምስተኛው የከሸፈ ወቅት ነበር፣ ላኒናውም ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት ተከታትሏል። በአንድ ቁጥር የተጠሩ ሁለት ድርቆች፣ ተቃራኒ የውቅያኖስ ሁኔታ፣ የተለያየ አካባቢ። ቀጥሎ በ2016 ዓ.ም. በልግ ሳይደርስ፣ በጥቅምትና ኅዳር፣ ኤልኒኖው ከሞቀ ምዕራብ ህንድ ውቅያኖስ ጋር ሲገጥም ድርቅ የጠበሰው ያው አካባቢ በጎርፍ ተመታ።

ልደታ_ታች፦

እሺ ተሸንፌያለሁ። ሰሌዳው ላይ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ሳይጻፍ ቁጥር አይለጠፍ።

ቁጥር_ወዳድ፦

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ከዚያም ይብሳል፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስሌቱ።

ክበቡ የሚከታተለው ሁለት ቁጥር ይበቃዋል። አንደኛው ኒኞ 3.4 ነው፤ በፓስፊክ ላይ ከ5 ዲግሪ ሰሜን እስከ 5 ዲግሪ ደቡብ፣ ከ170 እስከ 120 ዲግሪ ምዕራብ ያለ ሣጥን። የዚያን ሣጥን የውሃ የላይኛ ክፍል ሙቀት አማካይ ትወስዳላችሁ፣ ከዚያው ወር የ30 ዓመት አማካይ (1991–2020) ትቀንሳላችሁ። የሦስት ተከታታይ ወራት አማካዩ 0.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ለአምስት ተደራራቢ ሦስት ወሮች ከቆየ የኤልኒኖ ዘመን ይባላል፤ −0.5ና ከዚያ በታች ሆኖ እንዲሁ ከቆየ ላኒና። ለሚዛን ያህል፣ በ2015–16 ከፍተኛው 2.6 ገደማ ደርሶ ነበር።

ሁለተኛው የህንድ ውቅያኖስ ዳይፖል ነው፤ ደመና_ቆጣሪ ያነሳው በአፍሪካና በኢንዶኔዥያ በኩል ባለው ውሃ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት። ምዕራቡ ሣጥን ከ50 እስከ 70 ምሥራቅ፣ ከ10 ደቡብ እስከ 10 ሰሜን። ምሥራቁ ከ90 እስከ 110 ምሥራቅ፣ ከ10 ደቡብ እስከ ምድር ወገብ። ከእያንዳንዱ ወርሃዊ አማካዩ ይቀነሳል፣ ከዚያ ምዕራብ ሲቀነስ ምሥራቅ። ከ0.4 በላይ ሲሆን አዎንታዊ፣ ከ−0.4 በታች አሉታዊ የሚለው ገደብ በሰፊው ይሠራበታል።

መረጃው በነፃ ይገኛል። ለባሕር ሙቀት ወርሃዊው የኢአርኤስኤስቲ 5ኛ ዕትም ከ1854 ጀምሮ በ2 ዲግሪ ሣጥን ነው፤ ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ቀላል ስለሆነ እሱን ውሰዱ። ዕለታዊው ኦአይኤስኤስቲ በ0.25 ዲግሪ ከ1981 መጨረሻ ይጀምራል፣ ግን ፋይሉ ከባድ ነው። ለዝናብ ቸርፕስ የሚባል መረጃ አለ፤ ከ1981 ጀምሮ፣ በ0.05 ዲግሪ፣ ማለትም በ5 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ።

ስህተት የሚገባበት ቦታ ይታወቃል። ኬንትሮሱ በብዙ ፋይል ከ0 እስከ 360 ስለሚቆጠር 170 ምዕራብ ማለት 190፣ 120 ምዕራብ ማለት 240 ነው። 170 እና 120 ብሎ ያስገባ ሰው የምዕራብ ፓስፊክን ሙቀት ያወጣና «ኤልኒኖው የት ገባ» ይላል። መሬት ላይ ያሉት ሣጥኖች በባዶ ምልክት ቁጥር ስለሚሞሉ ሳይወጡ አማካይ ከተሠራ የህንድ ውቅያኖሱ ምሥራቅ ሣጥን በሱማትራ ምክንያት ይበላሻል። የወሩን አማካይ ሳይቀንሱ ጥሬውን ሙቀት ማነጻጸር ደግሞ ወቅቱን ራሱን ከኤልኒኖ ጋር ማምታታት ነው።

አሁን የዘመን አቆጣጠሩ። የወረዳ ጣቢያ መዝገብ ብዙ ጊዜ በእኛ ወር ነው፤ ሐምሌ 1 በፈረንጁ ጁላይ 1 ላይ ሳይሆን ጁላይ 8 ላይ ይውላል። «ሐምሌ»ን በቀጥታ «ጁላይ» ብሎ ከቸርፕስ ጋር ያገናኘ ሰው አንድ ሳምንት አንሸራቷል፣ ለዓመት ጳጉሜንም ጥሏታል። ዋናው ጉድ ግን መስከረም ላይ ነው። ሰኔ–መስከረም የሚባለው የክረምት ወቅት በፈረንጁ ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ሲሆን በእኛ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ነው። መሃሉ ላይ ዓመቱ ይቀየራል። በዓ.ም. ዓመት የሚደምር ሰው የአንዱን ክረምት ጅራት ቆርጦ ለሚቀጥለው ይሰፋበታል። መፍትሔው አንድ ነው፦ መጀመሪያ እያንዳንዱን ቀን ወደ ፈረንጁ መቀየር፣ ከዚያ መደመር። መስከረም 1 አንዳንድ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል በቋሚ ቁጥር መደመርም አያስተማምን፤ መቀየሪያ ቀመር ተጠቀሙ።

የዕለቱም አለ። የዝናብ መለኪያው የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው፤ የተነበበው ግን ትናንት ከሰዓትና ሌሊት የዘነበው ነው። አንዳንዱ መዝጋቢ በተነበበበት ቀን ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ በዘነበበት። የወር ድምር ላይ ብዙም አይታይም፤ ዕለታዊ ንጽጽር ላይ ግን ግንኙነቱን ድራሹን ያጠፋዋል።

በመጨረሻ ኒኞ 3.4ንና የክረምቱን ዝናብ ስታዛምዱ በ30 ዓመት መረጃ የዝምድናው ቁጥር (የመቀነስ ምልክቱ ሳይቆጠር) ከ0.36 በታች ከሆነ በአጋጣሚ ከሚመጣው አይለይም። ተማሪ 0.2 አግኝቶ «ግንኙነት አለ» እንዳይል አስቀድሞ ይነገረው።

ካዛንቺስ_ታዛቢ፦

ይህ ሁሉ ስሌት ነገ ከሰዓት ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ልተው የሚለውን ይመልሳል?

ደመና_ቆጣሪ፦

አይመልስም፣ ሐምሌ ከሆነ ግን ያዝ። የነገው ከሰዓት ዝናብ የሚወሰነው እንጦጦ ላይ በጠዋቱ ፀሐይ በሚሞቀው አየርና በዕለቱ እርጥበት ነው፤ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ሜክሲኮ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ውቅያኖስ የሚለውጠው የአራት ወሩን ድምርና የደረቅ ቀናቱን ብዛት ነው፣ እሱንም በዕድል ደረጃ። ቀበና ሞልቶ መንገድ ሲዘጋም ያልተጠረገ ቦይን ለኤልኒኖ መስጠት አያስፈልግም።

ትንበያ_አንባቢ፦

ዕድል ከተባለ የወቅቱን ትንበያ አነባበብ ልጨምር፣ ሰሌዳው ላይ የሚለጠፈው እሱ ስለሆነ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» የሚለው እንዲህ ነው፦ የ30 ዓመቱን የወቅት ዝናብ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፤ 10ሩ ትንሾች ከመደበኛ በታች፣ መሃለኞቹ 10 መደበኛ፣ የቀሩት ከመደበኛ በላይ ናቸው። ምንም ሳይታወቅ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ነው። ካርታው ላይ 45፣ 35፣ 20 የሚል ከታየ ወደ አንዱ አዘንብሏል እንጂ ተቆርጦ አልተወሰነም። 20 በመቶ ማለት ከአምስት አንድ ጊዜ ነው፤ ያ ቢሆን ትንበያው ተሳሳተ አይባልም። ትንበያ ልክ ነበር ወይ የሚለው በአንድ ክረምት አይመዘንም፤ 45 የተባለባቸው ብዙ ወቅቶች ተሰብስበው ወደ 45 በመቶው መድረሳቸው ይታያል።

ሁለተኛ፣ የኤልኒኖ ትንበያ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በጣም ደካማ ነው። በዚያ ሰሞን ፓስፊክ ከአንዱ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ጊዜ ስለሆነ ትንሽ የነፋስ ግፊት መንገዱን ትቀይረዋለች። የእኛ የክረምት ትንበያ ደግሞ የሚወጣው በዚያው በግንቦት መጨረሻ ነው። ስለዚህ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሚወጡትን ማሻሻያዎች ሳያዩ የግንቦቱን ብቻ ለጥፎ መተው ሰሌዳውን ያሳስተዋል።

ሦስተኛ፣ «ተመሳሳይ ዓመት» የሚባለው ዘዴ አለ፤ የዘንድሮ ውቅያኖስ የሚመስለውን ያለፈ ዓመት ፈልጎ የዚያን ዓመት ዝናብ ማየት። በፓስፊክ ብቻ ከተመረጠ ያታልላል። እ.ኤ.አ. 1997 እና 2015 ሁለቱም ብርቱ ኤልኒኖ ናቸው፤ ህንድ ውቅያኖስ ግን በ1997 እጅግ ብርቱ አዎንታዊ ዳይፖል ነበረው፣ የበጋውም ዝናብ በምሥራቅ አፍሪካ ከልክ ያለፈ ጎርፍ አመጣ። ፓስፊኩም ህንድ ውቅያኖሱም መመሳሰል አለባቸው።

ስለ በልግ ደግሞ ተስፋ አትጣሉበት። ከኒኞ 3.4 ጋር ያለው ግንኙነት ልል ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጠቅመው በማዳጋስካር አካባቢ የሚነሱትን አውሎ ነፋሶች መቁጠር ነው፤ እነሱ ሲበዙ እርጥበቱን ወደ ራሳቸው ይጎትቱትና በልጉ ይሳሳል።

ፊዚክስ_ስድስት_ኪሎ፦

ወደ ሙከራው ልግባ። መጀመሪያ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ስሌት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ያለው አየር ሁሉ ከባሕር ጠለል እስከ ጠፈር 10,300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አንድ ኪሎ አየርን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1,005 ጁል ይበቃል፤ ድምሩ 10.4 ሚሊዮን ጁል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃ 1,025 ኪሎ ነው፣ ለኪሎው 3,990 ጁል ይፈልጋል፤ 4.1 ሚሊዮን ጁል። አካፍሉት፦ 2.5 ሜትር። የላይኛው ሁለት ሜትር ተኩል ባሕር ብቻ ከምድር እስከ ጠፈር ያለውን አየር ያህል ሙቀት ይይዛል። የባሕር አማካይ ጥልቀት 3,700 ሜትር ገደማ ነው። የምድር ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ ባሕር ውስጥ የገባው ለዚህ ነው።

ይህ የሚለካው በግምት አይደለም። አርጎ የሚባሉ ወደ 4,000 የሚጠጉ ተንሳፋፊ መሣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲንሳፈፍ ይሰነብትና ወደ 2,000 ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ እየለካ ይወጣል፣ ለሳተላይት ይልካል፣ ይህንን በየ10 ቀኑ ይደጋግማል። የሙቀት ትክክለኛነቱ 0.002 ዲግሪ ነው።

አሁን መስፋቱ። የሚያስፈልገው 500 ሚሊ ሊትር የላቦራቶሪ ብልቃጥ፣ አንድ ቀዳዳ ያለው የጎማ ክዳን፣ ውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የመስታወት ቱቦ፣ ቴርሞሜትርና ሰፊ ሳፋ ነው።

ውሃውን አስቀድማችሁ አፍሉና ክዳኑን ዘግታችሁ አቀዝቅዙት። የተሟሟ አየር ካልወጣ ሲሞቅ አረፋ ሆኖ ቁጥሩን ያሳብጣል። ብልቃጡን እስከ አፉ ሙሉና ክዳኑን ስትጫኑ ውሃው ቱቦው ውስጥ ጥቂት ይውጣ፤ ከክዳኑ ሥር አየር አይቅር። 5 ሚሊ ሊትር አየር ብቻ ቢቀር በ10 ዲግሪ ሙቀት 0.9 ሴንቲ ሜትር ሐሰተኛ ከፍታ ይጨምራል። ብልቃጡን 20 ዲግሪ ሳፋ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩ፣ ቱቦው ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ወደ 30 ዲግሪ ሳፋ አዛውሩ። መጀመሪያ ውሃው ዝቅ ይላል። ተማሪዎቹ ይጮኻሉ፣ ይጩኹ። ሙቀቱ ቀድሞ የደረሰው መስታወቱ ጋ ስለሆነ ብልቃጡ ሰፋ ማለት ነው። ከዚያ መውጣት ይጀምራል። 15 ደቂቃ ጠብቁ።

የሚጠበቀው፦ ንፁህ ውሃ 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ የመስታወቱ መስፋት ይቀነሳል። የላቦራቶሪ ብልቃጥ ከሆነ ሩብ ሴንቲ ሜትር፣ ተራ ጠርሙስ ከሆነ 0.7። በሊትር 35 ግራም የገበታ ጨው ጨምራችሁ ብትደግሙት 7.5 አካባቢ ይደርሳል። የገበታ ጨው የባሕር ጨው ስላልሆነ ቁጥሩ ጥቂት ቢዛነፍ አያስደንቅም።

ጂኦ_ፒያሳ፦

እናመሰግናለን። ብልቃጥ ባይገኝ የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ይሆናል? ቴርሞሜትሮቻችን ደግሞ አርጅተዋል፤ በሚፈላ ውሃ እናስተካክላቸው?

ፊዚክስ_ስድስት_ኪሎ፦

ፕላስቲኩን ይተዉት መምህር። በጣት ሲነካ ውሃው ቱቦው ውስጥ ይዘላል፣ ሲሞቅም ልልነቱ ይጨምራል፤ የሚለካው የጠርሙሱ ባሕርይ ይሆናል። ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ ይሻላል።

በሚፈላ ውሃ ማስተካከል ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ወጥመድ ነው። በ2,400 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቶ ብሎ ምልክት ያደረገ ቴርሞሜትሩን 8 ዲግሪ አበላሸው። የሚቀልጥ በረዶ ይጠቀሙ፤ ከፍሪጅ በረዶ ተፈጭቶ በጥቂት ንፁህ ውሃ ተነክሮ፣ እያማሰሉ፣ 0 ዲግሪ። ለሁለተኛ ነጥብ ሁሉንም ቴርሞሜትሮች አንድ ሳፋ ውስጥ ከትተው እርስ በርስ ያነጻጽሩ።

በረዶው ከተገኘ ሌላ ነገር ያሳዩበት። የጨው ውሃውን ከ5 ወደ 10 ዲግሪ፣ ከዚያ ከ25 ወደ 30 አድርሱት። ልዩነቱ በሁለቱም 5 ዲግሪ ነው፤ ቱቦው ላይ ግን የመጀመሪያው 1.8፣ የሁለተኛው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ያው ሙቀት በሐሩር ባሕር ሲገባ ከዋልታው ይልቅ ባሕሩን ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው። ንፁህ ውሃ ለዚህ አይሆንም፤ 4 ዲግሪ ላይ ስለሚጠብ ከ5 ወደ 10 እምብዛም አይንቀሳቀስም።

ካዛንቺስ_ታዛቢ፦

እንግዲህ ባሕሩ ሙቀቱንም ጭሱንም ከዋጠልን እሰየው ነው። እኛ ደጋ ላይ ነን፤ ባሕር ከፍ ቢል እንጦጦ አይደርስ!

ጨው_አልባ፦

እንጦጦ አይደርስም፤ የስንዴና የማዳበሪያ መርከብ የሚራገፍበት የጅቡቲ ወደብ ግን ከባሕር እኩል ነው። ከ1901 እስከ 2018 ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ከ1971 ወዲህ ከጨመረው ግማሹ ገደማ ከላይ በቱቦ የታየው መስፋት ነው፤ የቀረው በአብዛኛው የቀለጠ በረዶ።

መዋጡም በነፃ አይደለም። የገባው ሙቀት ከባሕሩ ላይ ትነትን ያበዛል፤ አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ዝናብ ሲመጣ በአንዴ የሚወርደው ይጨምራል። ቀበና ላይ የምናየው የቦይ ጉዳይ ቢሆንም ቦዩ የተሠራው ለዱሮ ዝናብ ነው። ልቀታችን ቢቆም እንኳ ጥልቁ ባሕር ገና ስላልሞቀ ባሕሩ ለመቶዎች ዓመታት ከፍ ማለቱን አያቆምም።

ጭሱን በተመለከተ፣ ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ ባሕር ውስጥ ይሟሟል። ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ የባሕር ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ መለኪያው በአሥር እጥፍ የሚቆጥር ስለሆነ ግን የሃይድሮጅን አየኑ 26 በመቶ ጨምሯል። ዛጎልና ኮራል የሚሠሩበት ካርቦኔትም አብሮ ይሳሳል።

ሞቃት ውሃ ጋዝ አይወድም። ይህን በአምቦ ውሃ ማሳየት ይቻላል። ሁለት እኩል ጠርሙስ፣ አንዱ ፍሪጅ ያደረ፣ አንዱ ፀሐይ ላይ የቆየ። በ0.1 ግራም ሚዛን መዝኑ፣ ሁለቱንም ክፈቱ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሳችሁ መዝኑ። የሞቀው ይበልጥ ይቀንሳል። ሲከፈት ከገነፈለ ግን ውሃም ስለሚፈስ ውጤቱ ተበላሸ፤ ቀስ ብላችሁ ክዳኑን አላሉት። የቀዘቀዘው ጠርሙስ ደግሞ ውጪው ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ሳይደረቅ ከተመዘነ ክብደት የጨመረ ይመስላል። በንፁህ ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ20 ዲግሪ የሚሟሟው በ0 ዲግሪ ከሚሟሟው ግማሽ ገደማ ነው። ባሕሩ እየሞቀ ሲሄድ የመዋጥ አቅሙ የሚደክመው በከፊል ለዚህ ነው። ኦክስጅንም እንዲሁ ያመልጣል።

ፒኤቹን በቀለም ለማየት ቀይ ጥቅል ጎመን ቆራርጦ አፍልቶ ማጥለል ይበቃል። 1 ሊትር ንፁህ ውሃ ላይ 0.2 ግራም የመጋገሪያ ሶዳ ስታሟሙ የባሕርን ያህል አሲድ የመቋቋም ጉልበት ይኖረዋል። ሁለት ብርጭቆ አድርጉ፣ አንዱ በሶዳው፣ አንዱ በባዶ ውሃ፤ ሁለቱም ውስጥ የጎመኑን ውሃ ጨምራችሁ በስትሮ እኩል ትንፋሽ ንፉበት። ባዶው ቶሎ ወደ ቀይ ያደላል፣ ሶዳ ያለው ይዘገያል። ሱቅ ስትልኩ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ፤ እሱ ራሱ አሲድ ስላለበት ሙከራውን ከመጀመሪያው ያበላሻል። የቧንቧ ውሃም የራሱ ማዕድን ስላለው ለባዶው ብርጭቆ አይሆንም፤ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይሻላል፣ ስትሮው ግን ወደ ውጭ ብቻ ይነፋ፣ አይጠጣ።

ጂኦ_ፒያሳ፦

ስለ አትላንቲክም አንድ ጠያቂ ተማሪ አለ። «ጅረቱ ሊቆም ነው» የሚል ቪዲዮ አይቷል።

ደመና_ቆጣሪ፦

ሊቆም ነው ማለት አይቻልም። በ26.5 ዲግሪ ሰሜን ከ2004 ጀምሮ እየተለካ ነው፤ በሰከንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ሞቃት ውሃ ወደ ሰሜን ያልፋል። በዚህ ክፍለ ዘመን መዳከሙ በጣም አይቀሬ ነው ይባላል፤ ከ2100 በፊት ጨርሶ መቆሙን ግን የአየር ንብረት ለውጥን ሳይንስ የሚገመግመው የመንግሥታቱ ፓነል (አይፒሲሲ) በመካከለኛ እርግጠኝነት አይጠብቅም።

ለልጁ ግን ቅርብ ምሳሌ አለ። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰሜን አትላንቲክ በሚቀልጥ በረዶ ውሃ ሲሞላና ጅረቱ ሲዳከም፣ በዚያው ዘመን ጣና ሐይቅ ደርቆ ነበር። የሐይቁ ወለል ላይ በተቆፈረ ጭቃ ይታያል። ያኔ ከጣና ወደ ዓባይ የሚፈስ ውሃ አልነበረም ማለት ነው። ሰሌዳው ላይ ካርታ የሚሳል ካለ ጣናን ከግሪንላንድ ጋር በአንድ መስመር ያገናኘው፣ መስመሩ በህንድ ውቅያኖስ በኩል ቢዞርም።

ቁጥር_ወዳድ፦

ሰሌዳውን ስለ ማደስ፦ የባለፈው ወር ኒኞ 3.4 ፋይል በአዲሱ ወር መጀመሪያ ሳምንት ይወጣል፣ በኋላ ግን ቁጥሩ ሊከለስ ይችላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት በእርሳስ፣ ከዚያ በፊት ያሉትን በእስክርቢቶ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን መነሻ አማካዩ የየትኛው 30 ዓመት እንደሆነ ይመዝገብ፤ በ1981–2010 የተሠራውንና በ1991–2020 የተሠራውን በአንድ መስመር የቀጠለ ሰው ከፋይሉ የመጣ ዝላይን የባሕር ዝላይ ያደርገዋል። ሐሩር ባሕሩ ሁሉ እየሞቀ ስለሆነ ደግሞ ከኒኞ 3.4 የሐሩር ክልሉን አማካይ ልዩነት የቀነሰ ሁለተኛ ዓምድ ጨምሩ፤ ጥሬው ቁጥር ገና ኤልኒኖ ሲመስል ይኼኛው ገለልተኛ የሚልባቸው ወራት አሉ፣ አየሩ የሚሰማው ደግሞ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።